መቶ ዓመት ያለ ምክር ቤት

የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ምክር ቤት ሕግ ለማጽደቅ የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ስብሰባው የሚካሄደው በፔንሲልቫኒያ ጎዳና ባለው የጆን ዊልሰን ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምክር ቤቱ 13 አባላት አሉት። ሰብሳቢው ጉባኤውን ይከፍታል፤ ስም ይጠራል፤ ሰባት ሰው ከተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለአዲስ ተመልካች የሚማርክ አይደለም። ረቂቅ ሕግ በቁጥሩ ይጠራል፤ ማሻሻያ ያለው ካለ ይጠየቃል፤ ደጋፊ፣ ተቃዋሚና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ ይለያል፤ ውጤቱ ይመዘገብና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አንዱ የመንገድ ስያሜ ነው፤ ሌላው የአንድ ኃላፊ ሹመት፤ ሦስተኛው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የግዥ ውል።

ይህን ስብሰባ አሰልቺ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የዚህች ከተማ ነዋሪዎች ከ1874 እስከ 1975 ድረስ፣ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ፣ የመረጡት ምክር ቤት አልነበራቸውም (በዚህ ጽሑፍ ስለ አሜሪካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመንገዳቸውን መብራት፣ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት፣ የቤታቸውን ግብር የሚወስኑላቸው እነሱ ያልመረጧቸው ሰዎች ነበሩ። ያን መቶ ዓመት የሚያውቅ ሰው ስም ሲጠራና ረቂቅ ሲነበብ ሲሰማ አይሰለችም። ራስን በራስ ማስተዳደር በአብዛኛው ቀን ይህንኑ ይመስላል፤ ሲነጠቅም አስቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ዕለታዊ ሥራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለዋና ከተማው የተለየ ቦታ ሰጥቷል። በአንቀጽ አንድ ክፍል ስምንት መሠረት የመንግሥቱ መቀመጫ በሆነው አውራጃ ላይ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን የኮንግረስ ነው። መንግሥቱ በ1800 ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር ከተማዋ ገና ጫካና ጭቃ ነበረች። ኮንግረስ በ1802 ቻርተር ሰጣትና 12 አባላት ያሉት፣ በሁለት ክፍል የሚሰበሰብ ምክር ቤት ተቋቋመ። ከንቲባውን ፕሬዚዳንቱ ይሾም ነበር፤ የመጀመሪያው ሮበርት ብሬንት ይባላል። ከ1812 ጀምሮ ከንቲባውን ምክር ቤቱ መረጠው፤ ከ1820 ጀምሮ ደግሞ መራጮች ራሳቸው መረጡት። መራጭ ማለት ግን ነጭ ወንድ ግብር ከፋይ ማለት ነበር።

የዚያ ዘመን ምክር ቤት አጀንዳ ዛሬ ማንም የከተማ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው። ገበያ የት ይቁም? ጉድጓድ ማን ይቆፍር? የእሳት አደጋ ሲነሳ ማን ይድረስ? ይኸው ጉባኤ በዚያው ሥርዓት በ1808 ጥቁሮች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በጎዳና እንዳይታዩ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ስም ተጠርቶ፣ ረቂቅ ተነቦ፣ ድምፅ ተቆጥሮ የወጣ ግፍ ነበር። ሥርዓት ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። በክፍሉ ውስጥ ማን ተቀምጧል? ማንስ ደጅ ቀርቷል? የጉባኤውን ፍሬ የሚወስነው ይህ ነው።

ደጅ የቀሩት የገቡት ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። በዋሽንግተን ባርነት በኤፕሪል 1862 ተሻረ፤ በ1867 መጀመሪያ ላይ ኮንግረስ የፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን ተቃውሞ ሽሮ ለከተማዋ ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1868 ጆን ኩክ እና ካርተር ስቱዋርት የተባሉ ሁለት ጥቁር ሰዎች ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ። ባርነት የተሻረባት ከተማ በስድስት ዓመት ውስጥ ጥቁር ሕግ አውጪ አየች።

በ1871 ኮንግረስ ዋሽንግተንን፣ ጆርጅታውንንና ዙሪያቸውን ገጠር አንድ ላይ አድርጎ አዲስ አስተዳደር ሠራላቸው። አገረ ገዥውንና 11 አባላት ያሉትን የላይኛውን ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፤ የታችኛውን ምክር ቤት 22 አባላት ሕዝቡ ይመርጣል። የዚህ ዘመን ዋና ሰው አሌክሳንደር ሼፐርድ ነበር፤ መጀመሪያ የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ መሪ፣ በኋላም አገረ ገዥ ሆነ። ሼፐርድ መንገድ አነጠፈ፣ የፍሳሽ ቦይ ቀበረ፣ ዛፍ ተከለ። የዛሬዋ ዋሽንግተን መልክ ብዙው የእሱ እጅ ነው። ሥራው ግን ከተፈቀደለት ገንዘብ እጅግ አልፎ ሄደ፤ ቦርዱም ምክር ቤቱ ሊቆጣጠረው ከሚችለው በላይ ውል ፈረመ። በ1873 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ከተማዋ በዕዳ ተዘፈቀች። በጁን 1874 ኮንግረስ አስተዳደሩን ከነምክር ቤቱ አፈረሰው። ያጠፋው ቦርዱ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ያረፈው በመራጮቹ ላይ ነው።

ከምክር ቤቱ የተረፉት ሁለት ሕጎች

ያ ምክር ቤት ከመፍረሱ በፊት በ1872 እና በ1873 ሁለት ሕጎችን አውጥቶ ነበር። ምግብ ቤት፣ ሆቴል፣ ፀጉር ቤት የከፈተ ሰው ጨዋነቱን የጠበቀን ማንኛውንም ደንበኛ በዘሩ ምክንያት ሳይለይ እንዲያስተናግድ ያዝዛሉ። የጣሰ 100 ዶላር ይቀጣል፤ ፈቃዱንም ለአንድ ዓመት ይነጠቃል። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠና የዘር መለያየት በከተማዋ ነገሠ። ሕጎቹ በኋላ ከተዘጋጁት የሕግ መድበሎች ውስጥ ወጡ፤ ማንም ሳይሽራቸው ከሰው አእምሮ ጠፉ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ግን ተመራማሪዎችና ጠበቆች የቆየውን መዝገብ አገላብጠው አገኟቸው። በ1950 መጀመሪያ ላይ የ86 ዓመቷ የመብት ታጋይ ሜሪ ቸርች ቴሬል ከጓደኞቻቸው ጋር በ14ኛው ጎዳና ወደሚገኘው ቶምፕሰን ምግብ ቤት ገቡ። ትሪያቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ አናስተናግድም ተባሉ። ክሱ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲዞር ሦስት ዓመት ፈጀ። ጁን 8 ቀን 1953 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያልተሻረ ሕግ ሕግ ነው ሲል ወሰነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወይዘሮ ቴሬል እዚያው ምግብ ቤት ገብተው በሉ።

ሕጎቹን ያወጡት ሰዎች በዚያን ጊዜ ሞተዋል፤ ምክር ቤታቸውም ከፈረሰ ወደ 80 ዓመት ሊሆነው ነው። ሕጎቹ የተረፉት በሥርዓቱ ተነበው፣ ጸድቀው፣ ተፈርመው፣ ተመዝግበው ስለነበረ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል በጋለ ስሜት የተናገረው ንግግር ቢሆን ኖሮ ማንም ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው አይችልም ነበር። ጸሐፊው በዝምታ የሚሞላው መዝገብ ከጉባኤው ራሱ ይበልጥ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ኮሚሽነሮቹ

ከ1874 በኋላ ዋሽንግተንን ሦስት ኮሚሽነሮች ገዟት። በ1878 በወጣው ሕግ ሁለቱ ሲቪሎች፣ ሦስተኛው የጦር ሠራዊት መሐንዲስ እንዲሆኑ ተደነገገ፤ ሁሉም በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ ናቸው። ሕጓንና በጀቷን የሚወስነው ኮንግረስ ሆነ። ከደቡብ ካሮላይና ወይም ከነብራስካ የመጣ የምክር ቤት እንደራሴ ስለ ዋሽንግተን ቆሻሻ አነሳስ፣ ስለ መጠጥ ፈቃድና ስለ ፖሊስ ደመወዝ ድምፅ ይሰጥ ነበር። በከተማዋ የሚኖረው ሰው ደግሞ ለኮንግረስም፣ ለፕሬዚዳንትም፣ ለከተማም መምረጥ አይችልም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የዘር ጉዳይ ነበር። በ1957 ዋሽንግተን ጥቁሮች አብላጫ የሆኑባት የመጀመሪያዋ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ሆነች። የኮንግረሱን የዋሽንግተን ጉዳይ ኮሚቴ ለረጅም ጊዜ የመሩት የደቡብ ካሮላይናው ጆን ማክሚላን የራስ አስተዳደር ረቂቅ በመጣ ቁጥር እዚያው ኮሚቴው ውስጥ ያስቀሩት ነበር። በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነዋሪዎቹ ለፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት አገኙ፤ ድምፃቸውንም በ1964 ሰጡ። በ1966 ወጣቱ የመብት ታጋይ ማሪዮን ባሪ "ዲሲን ነፃ አውጡ" በሚል እንቅስቃሴ ነጋዴዎች የራስ አስተዳደርን እንዲደግፉ ይቀሰቅስ ጀመር።

በ1967 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኮሚሽነሮቹን አስቀርተው ዋልተር ዋሽንግተንን የከተማዋ ኃላፊ አድርገው ሾሙ፤ ዘጠኝ አባላት ያሉት ምክር ቤትም አቋቋሙ። እነዚህም ተሿሚዎች እንጂ ተመራጮች አልነበሩም። ጥቁሩ ኃላፊ የመጀመሪያ በጀታቸውን ወደ ኮንግረስ ሲልኩ ማክሚላን ሊያዋርዷቸው አንድ መኪና ሙሉ ሐብሐብ እንደላኩላቸው በታሪክ ተመዝግቧል። በአሜሪካ ጥቁሮችን ከሐብሐብ ጋር ማያያዝ የቆየ የስድብ ልማድ ነው። ድምፅ የሌለው ሕዝብ የሚሰደበው እንዲህ ነው፤ ሰዳቢውን በምርጫ ሊያወርደው አይችልምና።

ማክሚላንን ያወረዷቸው በ1972 የራሳቸው የደቡብ ካሮላይና መራጮች ናቸው። ኮሚቴውን ቻርልስ ዲግስ የተባሉ ጥቁር እንደራሴ ከሚሺጋን ተረከቡት፤ የተዘጋውም በር ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የራስ አስተዳደር ሕጉን በዲሴምበር 24 ቀን 1973 ፈረሙ። በሜይ 1974 ነዋሪዎቹ ቻርተሩን በድምፃቸው አጸደቁ፤ በኖቬምበር መረጡ፤ ጃንዋሪ 2 ቀን 1975 ከንቲባውና 13ቱ የምክር ቤት አባላት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አዲስ አበባ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከወረዱ አራት ወር አልሞላም ነበር። በዚያ ማዕበል የተነሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያረፉባት ዋሽንግተን እንግዲህ ራሷን ማስተዳደር ገና የጀመረች ከተማ ነበረች።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

የምክር ቤቱ አወቃቀር ቀላል ነው። ሊቀመንበሩንና አራት አባላትን መላው ከተማ ይመርጣቸዋል፤ ስምንቱ ከስምንቱ የምርጫ ወረዳዎች (ዋርዶች) ይመረጣሉ። ሁለት ዓመት አንድ የምክር ቤት ዘመን ይባላል፤ በዘመኑ መጨረሻ ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ ይወድቃል፤ የሚፈልገው ካለ በአዲሱ ዘመን እንደገና ያቀርበዋል።

ረቂቁ ቁጥር ይሰጠውና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ይጠራል፤ ማንኛውም ሰው ተመዝግቦ ይናገራል፤ ለአንድ ግለሰብ የተለመደው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። የከተማዋ የፋይናንስ ኃላፊ ሕጉ ስንት እንደሚያስወጣ በጽሑፍ ያሳውቃል። ከዚያ ረቂቁ ወደ ሙሉ ጉባኤው ይመጣል። አከራካሪ ያልሆኑት በአንድ ዝርዝር ተጠቃልለው በአንድ ድምፅ ያልፋሉ፤ ይህ ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም ማንኛውም አባል አንዱን ነጥብ ከዝርዝሩ እንዲወጣና ለብቻው እንዲታይ ማድረግ ይችላል። አንድ ሰው እጁን ካነሳ የተድበሰበሰው ነገር ወደ ብርሃን ይወጣል።

የራስ አስተዳደር ሕጉ ልብ ሁለቱ ንባቦች ናቸው። አንድ ረቂቅ ሕግ የሚሆነው ሁለት ጊዜ ሲጸድቅ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 13 ቀን ማለፍ አለበት፤ ይዘቱም በመሠረቱ ያው መሆን አለበት። ማታ ላይ ተጽፎ ጠዋት የሚጸድቅ ሕግ እንዳይኖር ነው። ልማዱ የመጣው ከእንግሊዝ ፓርላማ ነው፤ ጽሑፍ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ጸሐፊው ረቂቁን ጮክ ብሎ ካላነበበው አባላቱ ምን እንደሚያጸድቁ አያውቁም ነበር። ዛሬ ሁሉም በስክሪን ላይ ያነበዋል፤ የንባቡ ጥቅም ወደ ጊዜው ዞሯል። በ13 ቀን ውስጥ ጋዜጠኛ ይጽፋል፣ የሰፈር ሰው ይሰማል፣ ባለሱቁ የምክር ቤት አባሉ ቢሮ ይደውላል።

የሚያጣድፍ ነገር ሲመጣስ? ሕጉ መውጫ አበጅቶለታል። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው አስቸኳይ መሆኑን ካመኑ ረቂቁ በአንድ ንባብ ይጸድቃል፤ ዕድሜው ግን ከ90 ቀን አያልፍም። ጥድፊያ ተፈቀደ፣ ቋሚነት ግን ተነፈገው። መደበኛው መንገድ ግን ረጅም ነው። ከንቲባው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይፈርማል ወይም ይመልሳል፤ ከመለሰው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሽረው ይችላል። ከዚያ ሕጉ ወደ ኮንግረስ ይሄድና 30 የኮንግረስ የሥራ ቀን ይጠብቃል፤ የወንጀል ሕግ ከሆነ 60 ቀን።

የስብሰባ አመራር ደንቡ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የከተማ ምክር ቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ቦርዶችና ማኅበራት በስፋት የሚጠቀሙበትን መመሪያ የጻፈው ሄንሪ ሮበርት የተባለ የጦር መሐንዲስ ነው። በ1863 ማሳቹሴትስ ውስጥ በኒው ቤድፎርድ ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ በድንገት ተጠየቀ፤ ስብሰባው ተተራመሰ። እንደገና እንዲህ እንዳይሆን ብሎ ማጥናት ጀመረና በ1876 በራሱ ወጪ 4,000 ቅጂ አሳተመ። ፍሬ ሐሳቡ አጭር ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ይታይ፤ ሁሉም እኩል የመናገር መብት ይኑረው፤ ብዙኃኑ ይወስን፤ ጥቂቶቹ ይሰሙ። በአገራችን ሸንጎ ተከራካሪው ነገር ሲያልፍበት "በሕግ አምላክ!" ብሎ እንደሚያስቆመው፣ እዚህም አንድ አባል ሥርዓት ሲጣስ ካየ ጉባኤውን አቁሞ ሰብሳቢው እንዲወስን ይጠይቃል። ጉልበት የሌለው ሰው ጉልበተኛውን የሚያስቆምበት ቃል በሁለቱም ዘንድ ተጠብቋል።

ከምክር ቤቱ በታች ደግሞ በቻርተሩ የተፈጠሩት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ፤ ነዋሪው ኤ.ኤን.ሲ. ይላቸዋል። ኮሚሽነሮቹ 345 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 2,000 ያህል ነዋሪ ይወክላሉ፤ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ደመወዝ የላቸውም። የመጠጥ ፈቃድ፣ የግንባታ ለውጥ፣ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ በእነሱ ፊት ያልፋል። መወሰን አይችሉም፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ግን ለአስተያየታቸው ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በዩ ስትሪት ወይም በአዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤት የከፈተ ኢትዮጵያዊ የከተማ አስተዳደርን በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያገኘው በዚህ ስብሰባ ነው።

የተፈተነ ሥርዓት

ምክር ቤቱ ገና ሁለት ዓመት እንደሞላው በደም ተፈተነ። ማርች 9 ቀን 1977 ታጣቂዎች በከተማዋ ሦስት ሕንፃዎች ሰብረው ገቡ፤ አንደኛው የምክር ቤቱ ሕንፃ ነበር። ሞሪስ ዊሊያምስ የተባለ የሬዲዮ ዘጋቢ ተገደለ፤ በዚያን ጊዜ የምክር ቤት አባል የነበረው ማሪዮን ባሪ ደረቱ ላይ ቆስሎ ተረፈ። ዊሊያምስ የሞተው የከተማ ዜና ለመዘገብ በተገኘበት ቦታ ነው። የከተማ ምክር ቤት ጋዜጠኛ ሥራው የሚናቅ ሥራ አለመሆኑን ሞቱ ያስታውሳል። ሕንፃው ዛሬ የሚጠራበት ጆን ዊልሰን ከመጀመሪያዎቹ 13 አባላት አንዱ የነበሩ፣ በኋላም ሊቀመንበር ሆነው በ1993 ያረፉ ሰው ናቸው።

በ1995 ከተማዋ በገንዘብ እጥረት ስትወድቅ ኮንግረስ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ አቋቋመባት፤ የምክር ቤቱ ውሳኔዎች በቦርዱ ሊሻሩ ቻሉ። ከተማዋ አራት ዓመት በተከታታይ በጀቷን ካመጣጠነች በኋላ ቦርዱ በ2001 ሥራውን አቆመ። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን፣ ለዓመታት የተደከመበትን አዲስ የወንጀል ሕግ በ2023 ኮንግረስ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም ፈረሙበት። ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። በማርች 2025 ደግሞ ኮንግረስ ያጸደቀው ጊዜያዊ በጀት ከተማዋ ከራሷ ግብር የሰበሰበችውን ገንዘብ ጭምር በቀደመው ዓመት መጠን እንድታወጣ አስገደዳት። በከተማዋ ተወዳድሮ ያሸነፈ ሰው የጻፈው በጀት፣ በከተማዋ ማንም ያልመረጠው ሰው ሊለውጠው ይችላል ማለት ነው። የ1874ቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ሌላዋ ዋና ከተማ

በዚህ ነገር አዲስ አበባና ዋሽንግተን የሚተያዩ ከተሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የእህትማማች ከተሞች ስምምነትም ተፈራርመዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላትና ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ከንቲባውን፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ተወካዮችና የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸውን ነዋሪዎች በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ ነበር። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ዛሬም ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ከተማዋን ያያል። የዛሬው ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361፣ የሚመራ ሲሆን 138 መቀመጫዎች አሉት። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት 137ቱን አሸንፎ ምክር ቤቱ ግን በተመራጮቹ ሳይሰየም ቀረ፤ ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። ዋና ከተማ መሆን ክብር ነው፤ ነዋሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በራሱ ድምፅ ነው።

በዋሽንግተን የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ ምክር ቤት ያገኘው ተጨባጭ ነገር አለ። በ2004 የጸደቀው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ቅጾችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አንዲት እናት የጤና መድን ቅጽ በአማርኛ የምትሞላው፣ አንድ አባት በልጁ ትምህርት ቤት ስብሰባ አስተርጓሚ የሚጠይቀው ማኅበራት በኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለተናገሩና ረቂቁ ሁለት ጊዜ ተነቦ ስለጸደቀ ነው።

የታክሲው ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ምክር ቤቱ ኡበርና መሰሎቹ በሕግ እንዲሠሩ በሚፈቅደው ረቂቅ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ የታክሲ ሾፌሮች ፔንሲልቫኒያ ጎዳናን በመኪና ዘግተው ጥሩንባ እየነፉ ተቃወሙ። ጩኸቱ እውነተኛ ነበር፤ ለዓመታት የተከፈለበት መተዳደሪያ ሲናድ ዝም አይባልም። ሕጉ ግን ጸደቀ። እንዲህ ያለው ረቂቅ ወደ ድምፅ ሲደርስ ኮሚቴው ሰምቷል፣ ማሻሻያው ተጽፏል፣ አባላቱ አቋም ይዘዋል። ቃሉ የሚለሰልሰው፣ የመሸጋገሪያው ጊዜ የሚረዝመው፣ ካሳው የሚገባው ቀደም ብሎ፣ ጥቂት ሰው ብቻ በተቀመጠበት የኮሚቴ ክፍል ነው።

ማኅበረሰባችን በሰልፍና በእርዳታ ማሰባሰብ ጠንካራ ነው፤ ለአገር ቤት ጉዳይ በአንድ ቀን ሺዎችን ያወጣል። ያንኑ ጉልበት ለሰፈሩ ጉባኤ ቢያውለው የማይደርስበት ቦታ የለም። ለኤ.ኤን.ሲ. መወዳደር ሀብት አይጠይቅም። በኮሚቴ ፊት ለሦስት ደቂቃ መናገር ጠበቃ አይጠይቅም። ረቂቁ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የማንም ነዋሪ መብት ነው። ሜሪ ቸርች ቴሬል ያሸነፉት የቆየ መዝገብ ተፈልጎ ስለተገኘ ነው፤ የቋንቋው ሕግ የመጣው ሰዎች ተመዝግበው ስለተናገሩ ነው።

ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ሁለተኛው 13 ቀን አለ። እነዚያን ቀናት ሕጉ የሰጠው ለምክር ቤቱ አባላት አይደለም፤ እነሱ ረቂቁን አስቀድመው አንብበውታል። የተሰጡት በክፍሉ ውስጥ ላልነበረው ሰው ነው። የዚህች ከተማ ሰዎች እነሱን ለማግኘት መቶ ዓመት ጠብቀዋል፤ የሚጠቀምባቸው ከጠፋ ግን ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ምንም አይለይም።